ቤትን የሚያሳምረው ደንብ

ቤት ከሰው ኑሮ ጋር ያለውን ዝምድና ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ሩቅ ሳይሄድ የገዛ ቋንቋውን ቢመረምር ይበቃዋል። ወጣቱ ትዳር ሲይዝ «ጎጆ ወጣ» እንላለን። ቤተ ሰቡን የሚያስተዳድረውን ሰው «የቤቱ ምሰሶ» እንለዋለን። በክፉ ቀን ደግፎ ያቆመንን ወዳጅ «ዋልታና ማገር ሆነልኝ» ብለን እናመሰግነዋለን። ዋልታ፣ ማገር፣ ምሰሶ፣ ጉልላት፣ መቃን የተባሉት ነገሮች ሁሉ ዕለት ዕለት በአፋችን ይመላለሳሉ። ይሁን እንጂ ከአንድ አሮጌ ቤት ፊት ቆመን «ይህ መስኮት ስለ ምን በዚህ ልክ ተሠራ? ይህስ ጣራ ስለ ምን ይህን ያህል ወደ ፊት ወጣ?» ብለን የምንጠይቅ ጥቂቶች ነን።

ይህ ጥያቄ ለሥራ ፈት የሚተው ጨዋታ አይደለም። በዛሬው ጊዜ በየከተማው አሮጌው ቤት እየፈረሰ አዲሱ ይሠራል። የትኛው ይቁም፣ የትኛው ይፍረስ፣ አዲሱስ በምን ልክ ይሠራ የሚለውን የሚወስነው ደግሞ ብዙውን ጊዜ በአንድ ቢሮ ውስጥ የተቀመጠ ወጣት ሹም ነው። ማንበብ የማይችል ሰው በመጽሐፍ ላይ ሊፈርድ እንደማይገባው ሁሉ፣ ቤትን ማንበብ የማይችልም በቤት ላይ ለመፍረድ ይቸግረዋል። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን በመጀመሪያ በአገራችን የትንሽ ከተማን ቤትና የአዲስ አበባን የመኳንንት ቤት እንመለከታለን። ቀጥለንም የቤት አሠራር በደንብ እንዴት እንደሚለወጥ ለማስረዳት የተሻለ ምሳሌ ወደሚገኝበት ወደ ለንደን ከተማ እንሻገርና በዚያ ያለውን የጡብ ቤት ከመረመርን በኋላ ወደ ራሳችን ጉዳይ እንመለሳለን።

በመንገድ ዳር ያለው ቤት

በምሥራቅ ጎጃም አማኑኤልን፣ ብቸናን ወይም ሞጣን የመሰለውን ከተማ ያየ ሰው የመንገድ ዳሩን ቤት ጠንቅቆ ያውቀዋል። ረዘም ያለ፣ አራት ማዕዘን፣ በቆርቆሮ የተከደነ፣ ረጅሙን ጎኑን ወደ መንገዱ ያዞረ ቤት ነው። በዚያ ጎኑ ላይ ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንድ ጊዜም አምስት በሮች ተደርድረው ይታያሉ። ከበሮቹ ፊት በእንጨት ቋሚዎች የተደገፈ በረንዳ አለ። ከኋላ ጓሮና ለብቻው የቆመ ማድ ቤት ይገኛል።

ይህን ቤት አልፎ ሂያጁ «ተራ ቤት» ብሎ ያልፈዋል። ነገር ግን እያንዳንዱ ክፍል ምክንያት አለው። ከቅርጹ እንጀምር። በገጠር ያለው ጎጆ ክብ የሆነው፣ የሣር ክዳን ከአንድ ጉልላት ተነሥቶ በዙሪያው እኩል ሲወርድ ለሥራም ለዝናብም የሚመች በመሆኑ ነው። ቆርቆሮ ግን ከፋብሪካ የሚወጣው ቀጥ ባለ ቅጠል ነው። ቀጥ ያለውን ቅጠል በክብ ጣራ ላይ ለማልበስ መቁረጥና ማባከን ያስፈልጋል። ስለዚህ ቆርቆሮ በመጣበት ሁሉ ክቡ ቤት እየቀረ ማዕዘን ያለው ቤት ተተካ። የቤቱን መልክ የለወጠው የባለቤቱ ምርጫ ብቻ አይደለም፤ የክዳኑ ዓይነት ነው ማለት ይቻላል።

ወደ ግድግዳው እንለፍ። የባሕር ዛፍ ቋሚዎች በተርታ ይተከላሉ፤ ማገሩ ከውስጥና ከውጭ በልጥ ይታሰራል ወይም በምስማር ይመታል። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተቦክቶ ጥቂት ቀን ከቆየ በኋላ እየተረገጠ ይመረጋል። ጭዱ ጭቃውን እንደ ክር አያይዞ ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ ይከለክለዋል። የመጀመሪያው ምርጊት ሲደርቅ ሁለተኛው፣ ከዚያም ልስኑ ይከተላል። እንዲህ ያለው ግድግዳ ቀን የፀሐይን ሙቀት፣ ሌሊት የደጋውን ብርድ ይመክታል። ጠላቶቹ ሁለት ናቸው፤ ከላይ ዝናብ፣ ከታች የመሬት እርጥበትና ምስጥ።

በረንዳው የመጣው ለዚህ ነው። በረንዳ ለማማር ወይም ለመቀመጫ ብቻ የተሠራ የሚመስለው ሰው ይኖራል። የበረንዳ ዋና ሥራ ግን የጎጃምን ክረምት ከጭቃው ግድግዳ ማራቅ ነው። ጣራው አንድ ሜትር ተኩል ያህል ወደ ፊት ሲወጣ ዶፉ ከግድግዳው ርቆ ይወርዳል። ከዚህም ትርፍ ሆኖ ለባለ ሱቁ ዕቃ ማሳያ፣ ለገበያተኛው መጠለያ፣ ለአላፊው ጥላ ይሆናል። የበሮቹም ብዛት እንዲሁ ምክንያት አለው፤ እያንዳንዱ ክፍል ለብቻው ሱቅ፣ ጠላ ቤት፣ ሻይ ቤት ወይም የልብስ ሰፊ ቤት ሆኖ እንዲከራይ ነው። መንገዱ ገንዘብ የሚያመጣ በመሆኑ ሁሉም ክፍል ወደ መንገድ አፍ ሊኖረው ይፈልጋል። ማድ ቤቱ ለብቻው ከኋላ የሆነው ጭሱና እሳቱ ከዋናው ቤት እንዲርቅ ነው።

ስለዚህ ይህ ቤት በጥቂት ገንዘብ ለዝናብ፣ ለንግድ፣ ለእሳትና ለብርድ መልስ የሰጠ ቤት ነው። መሐንዲስ አልነደፈውም፤ ነገር ግን ያለ ሐሳብ የተሠራ አይደለም።

ደርብ ያለው ቤት

አሁን ደግሞ ወደ አዲስ አበባ እንሂድ። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ መኳንንቱና ትልልቆቹ ነጋዴዎች በየሰፈራቸው ባለ ደርብ ቤት ማሠራት ጀመሩ። ከእነዚህ መካከል የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል ቤት በመስቀል አደባባይ አጠገብ የሚገኘውና የአዲስ አበባ ሙዚየም የሆነው ነው። የሼክ ሖጀሌ አል ሐሰን ቤት የቆመበት ሰፈርም በስማቸው ሸጎሌ ተብሎ ቀርቷል። መጀመሪያ ነጋድራስ፣ በኋላም ቢትወደድ የሆኑት ኃይለ ጊዮርጊስ ወልደ ሚካኤል በፒያሳ ያሠሩት ቤት ደግሞ ለከተማው ማዘጋጃ ቤት አገልግሏል።

የእነዚህ ቤቶች አሠራር በብዙ ነገር ይመሳሰላል። ምድር ቤቱ ከድንጋይ የተሠራ፣ ግድግዳው ወፍራም፣ መስኮቱ ትንሽ ነው። ደርቡ ግን ከእንጨትና ከጭቃ የተሠራና ቀለል ያለ ነው። ዙሪያውን ወይም ከፊት ለፊቱ የእንጨት ሰገነት ይዞራል፤ ወደ ላይ የሚያወጣውም ደረጃ ብዙውን ጊዜ ከውጭ ነው። ጣራው ቁልቁለቱ የበዛ ቆርቆሮ ሲሆን ከጠርዙ ሥር ጥልፍ የመሰለ የተፈለፈለ እንጨት ተንጠልጥሎ ይታያል።

ይህንንም እናንብበው። ድንጋዩ ከታች የሆነው እርጥበትንና ምስጥን ለመከላከል፣ ከዚያም በላይ የሚመጣውን ክብደት ለመሸከም ነው። ምድር ቤቱ ለእህልና ለዕቃ ማስቀመጫ ስለሚሆን ትልቅ መስኮት አያስፈልገውም። የቤቱ ጌታ የሚኖረው ከላይ ነው። ሰገነቱ ላይ ሲቆም ግቢውን፣ ባለ ጉዳዩንና አሽከሩን ሁሉ ያያል፤ እርሱም ይታያል። ሰገነት በዚያ ዘመን የሥልጣን መድረክ ነበር ብንል ማጋነን አይሆንብንም። ተፈልፍሎ ከጣራው ጠርዝ የተሰቀለው እንጨት ደግሞ በዚያ ጊዜ በከተማው ይሠሩ የነበሩትን የሕንድና የአርመን ጠበብት ከአገሬው አናጢ ጋር ያስታውሰናል። እንግዳው ጠቢብ ከአገሩ ያመጣውን መልክ በአገራችን እንጨትና ጭቃ ሠራው፤ የአገራችንም ሰው ከእርሱ ተምሮ በራሱ መንገድ ለወጠው። ከዚህ መገናኘት የተወለደው ቤት የሕንድ ነው ወይም የአርመን ነው ለማለት የማይቻል፣ የአዲስ አበባ የራሷ ቤት ነው።

የዕቃው ጉዳይም እንዲሁ ታሪክ አለው። የምድር ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ እስኪደርስ ድረስ ቆርቆሮውም መስታወቱም ከባቡሩ ጫፍ በኋላ የቀረውን መንገድ የሚጓዘው በግመልና በበቅሎ ነበር። ስለዚህ መስታወት ያለው መስኮት የሀብት ምልክት ነበር። እንጨት ደግሞ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን እጅግ ከመወደዱ የተነሣ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ እንደ ነበረ ይታወቃል። ችግሩን ያቃለለው ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ዛሬ በአማኑኤል መንገድ ዳር የምናየው ቤት በባሕር ዛፍ የቆመው የዚያ ታሪክ ወራሽ በመሆኑ ነው።

የጡቡ ቤት በለንደን

እስካሁን ያየናቸው ቤቶች መልካቸውን ያገኙት ከዝናቡ፣ ከዕቃው፣ ከንግዱና ከማዕረጉ ነው። ደንብ ግን በቤት መልክ ላይ ምን ሊሠራ እንደሚችል በግልጽ ተጽፎ የሚገኘው በእንግሊዝ አገር ነው። አገሩ ለታሪካችንም እንግዳ አይደለም። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በጠላት ወረራ ጊዜ ከ1928 እስከ 1932 ዓ.ም. ድረስ በስደት የተቀመጡት ባዝ በምትባለው ከተማ ነበር። በዚያም የኖሩበትን ፌርፊልድ የተባለውን ቤት በኋላ ለከተማይቱ ሰጥተዋል። ያ ቤት ራሱ የኋለኛ ዘመን ሥራ ነው። ከተማይቱ ግን በዓለም የታወቀችው አሁን ልንናገርለት በፈለግነው ዘመን በተሠሩ ቤቶቿ ነው። በባዝ ቤቶቹ በድንጋይ ሲሠሩ በለንደን አብዛኛዎቹ በጡብ ተሠርተዋል።

ዘመኑ «የጆርጆች ዘመን» ይባላል። ስሙ ጆርጂያ ከሚባለው አገር ጋር ግንኙነት የለውም። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1714 እስከ 1830 ድረስ በእንግሊዝ ዙፋን ተከታትለው የተቀመጡት አራት ነገሥታት ሁሉ ስማቸው ጆርጅ ስለ ነበረ ነው። በዚያ ዘመን የተሠራው የለንደን ቤት ለብቻው አይቆምም። ከጎረቤቱ ጋር በአንድ ግድግዳ ተያይዞ በተርታ ይሰለፋል። ፊቱ ጠባብ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 7 ሜትር ይሆናል። ወደ ኋላና ወደ ላይ ግን ይረዝማል። ይህም ከመሬት ውድነት የመጣ ነው፤ በመንገድ ዳር ያለው መሬት ስለሚወደድ ሁሉም ጥቂት ፊት ወስዶ ወደ ላይ ይወጣል። የእኛ የመንገድ ዳር ቤት ክፍሎቹን ሁሉ ወደ መንገድ ለመክፈት ሲረዝም፣ የእነርሱ ያንኑ መንገድ ለመካፈል ጠበበ።

ወደ ቤቱ ፊት ቀርበን ከታች ወደ ላይ ብናነብ፣ ከመንገዱ ዝቅ ብሎ ማድ ቤቱና የአሽከሮቹ ክፍል ይገኛል። ወደዚያ ብርሃን እንዲገባ በቤቱና በመንገዱ መካከል ጉድጓድ መሰል ክፍት ቦታ ተትቶ በብረት አጥር ተከልሏል። ከሰል የሚቀመጥበት ጎተራም ከእግረኛ መንገዱ ሥር ነው። ከዚያ በላይ ጥቂት ደረጃ ወጥቶ በሩ ይገኛል። በሩ አንድ ቅጠል ያለው ከባድ እንጨት ሲሆን ከበላዩ የተዘረጋ ማራገቢያ የመሰለ መስታወት አለ። የእርሱም ሥራ በሩ ሲዘጋ ለጠባቡ የመግቢያ መተላለፊያ ብርሃን መስጠት ነው።

ከበሩ ቀጥሎ ያለው ደርብ የቤቱ ዋና ክፍል ነው። እንግዳ የሚቀበሉበት እልፍኝ በዚያ ስለሆነ መስኮቶቹ ከሁሉ ይረዝማሉ። ከዚያ በላይ ያለው የመኝታ ደርብ መስኮት ያጥራል፤ የመጨረሻው፣ ልጆችና አሽከሮች የሚያድሩበት፣ ከሁሉም ያንሳል። ስለዚህ በመንገድ የሚያልፍ ሰው ወደ ቤቱ ሳይገባ መስኮቱን በዓይኑ ለክቶ በየደርቡ ማን እንደሚኖር ሊናገር ይችላል። በሰገነት ላይ ከሚታየው የእኛ መኳንንት ጋር ሐሳቡ ተመሳሳይ ነው፤ ማዕረግ በቤት አካል ላይ ተጽፏል።

ጡቡም የሚነበብ ነገር አለው። በአንድ ተርታ ውስጥ አንዱ ጡብ በርዝመቱ፣ ቀጥሎ ያለው በጫፉ እየተለዋወጡ ይደረደራሉ። ጫፉ ብቻ የሚታየው ጡብ ወደ ግድግዳው ውስጥ ገብቶ የፊቱን ከኋላው ጋር እንደ ማገር ያስተሳስራል። ለዓይን ጌጥ የሚመስለው ነገር እዚህም ለጥንካሬ የተደረገ ነው።

ደንብ እንዴት ያሳምራል?

ይህ ሁሉ ልክ ከየት መጣ? ብዙ ሰው «ከጠበብት ጥበብ» ይል ይሆናል። ጠበብት መኖራቸው እውነት ነው። ነገር ግን የመልኩ ብዙ ክፍል የመጣው ከእሳት፣ ከሕግና ከግብር ነው።

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1666 በአንድ እንጀራ ጋጋሪ ቤት የተነሣ እሳት የለንደንን ከተማ ለአራት ቀን ያህል በላ። 13,200 ያህል ቤቶችና 87 አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። ቤቶቹ ከእንጨት የተሠሩና እርስ በርሳቸው የተጠጋጉ ስለ ነበሩ እሳቱን ማቆም አልተቻለም። በሚከተለው ዓመት የወጣው ሕግ የውጭ ግድግዳ ሁሉ በጡብ ወይም በድንጋይ እንዲሠራ አዘዘ። ቤቶችንም በአራት ክፍል መደበ፤ በጠባብ መንገድ ላይ ያለው ሁለት ደርብ፣ በሰፊው ሦስት፣ በዋናው አራት እንዲሆን፣ የግድግዳውም ውፍረት በየክፍሉ እንዲለካ ወሰነ። የመንገዱ ተርታ እኩል ሆኖ መታየቱ ከዚህ ጀመረ።

በ1707 የወጣው ሌላ ሕግ ከጣራ ሥር ወደ ውጭ የሚወጣውን የእንጨት ጠርዝ ከለከለ፤ እሳት የሚተላለፈው በእርሱ ነበርና። ስለዚህ የጡቡ ግድግዳ ከጣራው ጠርዝ በላይ ከፍ ብሎ ጣራውን ሸሸገው። የዘመኑ ቤት ፊቱ እንደ ተቆረጠ ወረቀት ቀጥ ብሎ መታየቱ ከዚህ የመጣ ነው። በ1709 ደግሞ የመስኮቱ እንጨት ከግድግዳው ፊት አሥር ሴንቲሜትር ያህል ወደ ውስጥ እንዲገባ ታዘዘ። ምክንያቱ አሁንም እሳት ነው። ውጤቱ ግን በመስኮቱ ዙሪያ ጥላ መውደቁና ዝርግ የነበረው የቤት ፊት ጥልቀት ያለው ሆኖ መታየቱ ነው። በ1774 የወጣው ሕግ የመስኮቱን ሣጥን ጨርሶ ከጡቡ ኋላ ስለ ደበቀው ከውጭ የሚታየው ቀጭን የእንጨት መስመርና መስታወት ብቻ ሆነ። ሠዓሊ ቢያስብበት ከዚህ የበለጠ ሊያሳምረው አይችልም ነበር፤ ያሳመረው ግን የእሳት ደንብ ነው።

ደንብ ሁልጊዜ ያሳምራል ማለታችን አይደለም። ከ1696 እስከ 1851 ድረስ በእንግሊዝ አገር በመስኮት ቁጥር ግብር ይከፈል ነበር። ድሀው ግብሩን ለማምለጥ መስኮቱን በጡብ ደፈነ፤ ብርሃንና ንጹሕ አየርም ከቤቱ ራቀ። ዛሬም ተደፍነው የቀሩ መስኮቶች በአሮጌ ቤቶች ላይ ይታያሉ። አንዳንዶቹ ግን ከመጀመሪያው ለሚዛን ሲባል ዕውር ሆነው የተሠሩ ናቸውና ሁሉንም በግብር ማሳበብ አይገባም። በ1784 በጡብ ቁጥር ላይ ግብር ሲጣል ደግሞ ሠሪዎቹ ግብሩን ለማቃለል ጡቡን አተለቁት። ስለዚህ ሕግ አውጪው አንድ ነገር ሲያዝ ቤቱ በሌላ ቦታ መልኩን ይለውጣል። ይህን ያላሰበ ሹም መስኮት ሲቆጥር ብርሃን ይዘጋል።

ሌላም ልንደብቀው የማይገባ ነገር አለ። እነዚህን ቤቶች የሠሩት በአብዛኛው ለትርፍ የተነሡ ሰዎች ናቸው። መሬቱን ከባላባቱ ለረጅም ዘመን፣ ብዙውን ጊዜ ለ99 ዓመት፣ ተከራይተው ፊቱን እያሳመሩ ከኋላው በርካሽ ዕቃ የሠሩ ብዙ ነበሩ። እንግዲህ ሠሪው ቅዱስ ስለ ነበረ መንገዱ አላማረም። ትርፍ ፈላጊው ሳይቀር በልክ እንዲሠራ የሚያስገድድ ደንብ ስለ ነበረ ነው። በአገራችንም በ2004 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅ ለመኖሪያ ቤት የሰጠው ዘመን 99 ዓመት መሆኑን የሚያስታውስ አንባቢ ነገሩ ከእኛ ሩቅ አለመሆኑን ይረዳል።

የቤቶቻችን ዕጣ

እንግሊዞች ራሳቸው እነዚህን ቤቶች ሁልጊዜ አላከበሯቸውም። የልጅ ልጆቻቸው «ደረቅና አሰልቺ» ብለው ናቋቸው፤ ብዙዎቹም ፈረሱ። በ1936 በለንደን አዴልፊ የተባለው የታወቀ የቤቶች ተርታ አብዛኛው ሲፈርስ ግን ሰዉ ደነገጠ። በሚከተለው ዓመት የዚህን ዘመን ቤቶች የሚጠብቅ ማኅበር ተቋቋመ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም መንግሥት ታሪካዊ ቤቶችን እየመዘገበ በሕግ መጠበቅ ያዘ። ዋጋውን ያወቁት ካጡት በኋላ ነው ማለት ነው።

እኛም በዚሁ መንገድ ላይ ነን። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ትርፍ ቤቶችን ሁሉ የመንግሥት አደረገ፤ ኪራይም ዝቅ አለ። በወር ከ100 ብር በታች የሚከራዩት በቀበሌ እጅ ገቡ። አዋጁ ለተከራዩ ድሀ መጠለያ አስገኝቶለታል። ነገር ግን በጥቂት ብር የሚከራይ ቤት ለጣራው መጠገኛ የሚሆን ገንዘብ አያስገኝም። በአንድ ትልቅ ቤት ውስጥ ብዙ ቤተ ሰብ ሲገባ ሰገነቱ በላሜራ ተዘግቶ ክፍል ሆነ፤ ከቆርቆሮው የገባው ውኃም ደርቡን አበሰበሰ። በጥር 2007 ዓ.ም. በፒያሳ የሚገኘው የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል በእሳት ሲጎዳ፣ የእንጨት ደርብና ሰገነት ምን ያህል በቀላሉ እንደሚጠፋ ሁላችንም አየን። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ሥራ ሲጀመር ደግሞ በፒያሳና በዶሮ ማነቂያ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰው ቦታው መልኩን ለወጠ።

ለነዋሪው ውኃ፣ መብራት፣ መጸዳጃና ሰፊ መንገድ እንደሚያስፈልገው የሚክድ የለም። በሚያፈስ ጣራ ሥር የሚኖርን ሰው «ቤትህ ታሪካዊ ነውና ተቀመጥ» ማለት ጭካኔ ነው። ጥያቄው ሌላ ነው፤ ከማፍረሳችን በፊት ቤቱን ማን አነበበው? አርክቴክት ፋሲል ጊዮርጊስና ዴኒ ዤራር ስለ አዲስ አበባ የሥነ ሕንፃ ቅርስ ያዘጋጁት መጽሐፍ አሮጌ ቤቶችን በፎቶግራፍና በንድፍ ሰብስቦ አቆይቶልናል። ለብቸና፣ ለሞጣ ወይም ለአማኑኤል መንገድ ዳር ቤቶች እንዲህ ያለ መዝገብ ቢዘጋጅ ሥራው ለአንድ የተማሪዎች ቡድን የአንድ ክረምት ሥራ ነው።

ከወጣቱ ምን ይጠበቃል?

በመጀመሪያ መለካት ነው። ሜትር፣ እርሳስና ወረቀት ያለው ተማሪ የአንድን ቤት ፕላን ለማንሣት ይችላል። የግድግዳው ውፍረት፣ የበሩና የመስኮቱ ልክ፣ የበረንዳው ስፋት፣ የጣራው ቁልቁለት ይጻፍ። ሽማግሌዎች ሳያልፉ ቤቱን ያሠራው፣ የሠራው አናጢና የተሠራበት ዘመን ይጠየቅ። ቤቱ ቢፈርስ እንኳ ዕውቀቱ አይፈርስም።

ሁለተኛው ሕጉን ማወቅ ነው። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 በቅርስ ላይ የሚደረግ ጥገና አስቀድሞ ፈቃድ የሚያስፈልገው መሆኑን ደንግጓል። በጠረጴዛው ላይ የማፍረሻ ወረቀት የቀረበለት ሹም ቤቱ ተመዝግቦ እንደሆነና እንዳልሆነ ሳይጠይቅ ቢፈርም ከኋላው ያለው ትውልድ የፈረመውን ስም ያነበዋል።

ሦስተኛው አጠጋገንን መማር ነው። የጭቃ ቤት ሲያረጅ ብዙ ሰው በሲሚንቶ ይለስነዋል። ሲሚንቶ ከጭቃ ጋር አይዋሐድም፤ ጭቃው በእርጥበት ሲያብጥና ሲደርቅ ሲሟሽሽ ሲሚንቶው ይሰነጠቃል። በስንጥቁ የገባው ውኃም መውጫ አጥቶ ግድግዳውን ከውስጥ ይበላል። የጭቃን ቤት በጭቃና በጭድ፣ ከላዩም በኖራ መጠገን ይሻላል። ጣራው ከማያፈስስ ቆርቆሮ፣ እግሩ ከውኃ መሄጃ ቦይ ጋር ከሆነ የጭቃ ቤት ከአንድ ትውልድ በላይ ይቆማል።

አራተኛውና ዋናው ለአዲሱ ቤት መልካም ደንብ ማውጣት ነው። የአንድ ትንሽ ከተማ ማዘጋጃ ቤት በዋናው መንገድ ዳር የሚሠራ ቤት ሁሉ በረንዳ እንዲኖረው፣ የበረንዳውም ከፍታና ስፋት አንድ እንዲሆን፣ የጣራው ውኃ በእግረኛ ላይ ሳይሆን በቦይ እንዲወርድ ቢደነግግ ብዙ ወጪ አይጠይቀውም። ነገር ግን ከጥቂት ዓመት በኋላ ገበያተኛው ከከተማው ጫፍ እስከ ጫፍ ዝናብ ሳይነካው ይሄዳል፤ መንገዱም የራሱ መልክ ይኖረዋል። ይህን መልክ ከውጭ አገር መዋስ አያስፈልገንም፤ አባቶቻችን ከክረምቱ ጋር ሲታገሉ ያገኙትን በረንዳ በልክና በሥርዓት ማስቀመጥ ብቻ ነው።

የለንደንን መንገዶች ያሳመሩት የአሥር ሴንቲሜትር ጉዳይ ሳይቀር ተጨንቀው የጻፉ ሰዎች ናቸው። ሲጽፉ የሚያስቡት ስለ ውበት ሳይሆን ስለ ሕዝቡ ደኅንነት ነበር፤ ውበቱ ግን ተከትሎ መጣ። በየወረዳውና በየማዘጋጃ ቤቱ የተቀመጣችሁ ወጣቶችም ብዕራችሁ በወረቀት ላይ የምታሰፍረው ቁጥር ነገ ግድግዳ፣ መስኮትና ጥላ ሆኖ እንደሚቆም አትርሱ። ከመፈረም በፊት ከቤቱ ፊት ቆሞ አንድ ጊዜ ማንበብ ይገባል።